ግቢ ውስጥ የደም ልገሳ አለን፤ ሰው የሚመጣበት ማስታወቂያ እንዴት ይዘጋጃል?

ጥያቄ፦ የጤና ክበብ ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ክበባችን ከደም ባንክ ጋር ተነጋግሮ ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ግቢያችን ውስጥ የደም ልገሳ ሊያዘጋጅ ነው። ባለሙያዎቹ አራት አልጋ ይዘው መጥተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይቆያሉ። ቦታው ትልቁ አዳራሽ ነው። ባለፈው ዓመት ፖስተር ለጥፈን ነበር፣ ቻናልም ላይ ለቀናል፤ ፖስቱን ያየው ብዙ፣ የመጣው ጥቂት ሆነ። የመጣውም ምሳ ሰዓት ላይ ግር ብሎ መጣና ግማሹ ሰልፉ ሰልችቶት ሄደ።

ስንት ቀን ሲቀረው እናውጣ? ፖስተሩ በምን መጠን ይሁን? ቴሌግራም ላይስ? ረቂቃችን ይህ ነው፦ «ታላቅ የደም ልገሳ ፕሮግራም! ደም መለገስ ሕይወት ማዳን ነው! ረቡዕ 3፡00 በአዳራሹ እንዳትቀሩ!»

መልስ፦ ነርሷ

ስለ ፖስተር ከመነጋገራችሁ በፊት ቀኑን ቀይሩት። ኅዳር 17 ጾም ውስጥ ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ረቡዕ ደግሞ እንዲያውም የጾም ቀን ነው። የሚጾም ተማሪ እስከ ስድስትም እስከ ዘጠኝም ሰዓት እህል አይቀምስም። ባዶ ሆድ ደም የሰጠ ሰው ያዞረዋል፣ አንዳንዱም ይወድቃል። አንድ ሰው ሰልፉ ፊት ከወደቀ ከኋላው ያለው ሁሉ ይበተናል፣ ወሬውም ከማስታወቂያችሁ ቀድሞ ዶርም ይደርሳል።

ሐሙስ ኅዳር 11 ከተቻለ ጥሩ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ነው፣ ጁምዓም አይደለም። ደም ባንኩ የራሱ ፕሮግራም ስላለው ዛሬውኑ ደውሉ። ሁለተኛ ዙር ካሰባችሁም አሁኑኑ አስሉት፦ በሁለት ልገሳ መካከል ቢያንስ 3 ወር ያስፈልጋል። ከኅዳር 11 ሦስት ወር ሲቆጠር የካቲት 11 ይሆናል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፣ ረመዷንም በዚያው ሳምንት ይጠበቃል። ስለዚህ ሁለተኛውን ከፋሲካ በኋላ አድርጉት፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። የዓለም ደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 7 ስለሆነ ብዙ ክበብ እሱን ይመርጣል። ቀኑ ያምራል፣ ግን ፋይናል አካባቢ ስለሚውል ሰው አታገኙም።

ረቂቁን በተመለከተ፣ «ሕይወት ማዳን ነው» የሚለውን ሁሉም ያውቃል። የማያውቀው እሱ ራሱ መስጠት ይችል እንደሆነና ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ነው። እነዚህ ይግቡ፦ ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት 45 ኪሎና ከዚያ በላይ፣ በዕለቱ ጤነኛ መሆን፣ ባለፉት 3 ወራት አለመስጠት። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትሰጥም። በቅርቡ ወባ የያዘው ወይም መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ለባለሙያው ይንገር።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ «ነፃ የኤችአይቪ ምርመራ ታገኛላችሁ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ሰው ለመሳብ ብለው የሚጽፉ አሉ። የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ መመርመሩ እውነት ነው። ነገር ግን ራሱን የጠረጠረ ሰው ለምርመራ ብሎ ይሰለፋል፤ ቫይረሱ ገና በቅርቡ የገባበት ከሆነ ምርመራው ላያሳየው ይችላል፣ ደሙም ለታማሚ ሊደርስ ይችላል። መመርመር የፈለገ ግቢ ክሊኒክ ይሂድ።

መልስ፦ ሬፕ 4ኛ ዓመት

የሰልፉ ነገር የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው አልጋ ላይ ወጥቶ እስኪወርድና አልጋው ለቀጣዩ እስኪዘጋጅ 20 ደቂቃ ያዙለት። አራት አልጋ በሰዓት 12 ሰው፣ በአምስት ሰዓት 60 ሰው ነው። ሁለት ሺህ ተማሪ ጠርታችሁ 60 ብቻ ነው የምታስተናግዱት። ስለዚህ «ሁላችሁም ኑ» ሳይሆን ሰዓት እየሸነሸናችሁ ጥሩ።

በየሰዓቱ 15 ሰው መዝግቡ፤ ደም ግፊቱ ወይም የደሙ መጠን ሳይፈቅድለት የሚመለስ፣ ቃል ገብቶም የሚቀር ይኖራል። ምዝገባውን በሬፕ (በክፍል ተወካይ) አድርጉት። ጎግል ፎርም አምሮባችሁ ከሆነ፣ አንዱ ሰዓት ሲሞላ ያንን ሰዓት ለይቶ በራሱ አይዘጋም፤ 15 ለሚበቃው ሰዓት 90 ሰው ተመዝግቦ ታገኙታላችሁ። ቻናል ላይ የሚደረግ ፖል (የድምፅ መስጫ) ደግሞ የመራጩን ስም ስለማያሳይ ለምዝገባ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ዲፓርትመንት ክላስ የሌለበትን ሰዓት ከፕሮግራሙ ላይ አይታችሁ መድቡ። ላብ ያላቸውን ጠዋት ላይ ብትመድቡ አንድም አይመጣም።

የምሳውን ሰዓት ለኖን ካፌ (ግቢ ካፌ ለማይመገቡ) ተማሪዎች ስጡት። ሚል ካርድ (የካፌ መመገቢያ ካርድ) ያለው ተማሪ ካፌ ሳይዘጋ መድረስ ስላለበት ሰልፍ ላይ አይቆምም።

መልስ፦ ቢሮ ለቢሮ

ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት ደብዳቤው ማለቅ አለበት። ለተማሪዎች አገልግሎት ዲን ይጻፍ። ግልባጭ ለጠቅላላ አገልግሎት (ቁልፍ፣ ጠረጴዛና ወንበር እዚያ ነው)፣ ለጥበቃ፣ ለግቢ ክሊኒክ። መዝገብ ቤት ቁጥር ካሰጣችሁ በኋላ «ገብቷል» ብላችሁ አትቀመጡ። ለማን እንደተመራ ጠይቁና እዚያው ጠረጴዛ ድረስ ተከታተሉት። ሁለት ሳምንት ያዙለት። ኅዳር 11 ከሆነ ደብዳቤው ጥቅምት 20 አካባቢ መግባት አለበት።

ለጥበቃ በሚሄደው ላይ የደም ባንኩን መኪና ሰሌዳ ቁጥርና የባለሙያዎቹን ስም ጻፉ። ይህ ሲረሳ መኪናው በር ላይ ይቆማል፣ 3 ሰዓት የተባለው 4 ተኩል ይሆናል፣ የመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች ወደ ክላስ ይመለሳሉ።

ብዙ ግቢ ውስጥ ማህተም የሌለው ወረቀት በማግሥቱ ይነሳል። ዋናውን አስመትታችሁ ኮፒ አድርጉ። መስታወት ያለው ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ቁልፉ የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ጠዋት ሂዱ።

መልስ፦ ኮፒ ቤት

ፖስተር ኤ3 ይሁን፤ 29.7 በ42 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ርዕሱ 4 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ 2 ሴንቲ፣ የቀረው ከ8 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ። ሰው ቆሞ አያነብም፣ እየሄደ ነው የሚያየው። የተዋበ ዲዛይን ሠርታችሁ ቀኑን ከታች በኩል በጉንዳን ፊደል የምትጽፉ ልጆች ታበሳጩናላችሁ።

ፋይሉን በዎርድ አታምጡ። የተጠቀማችሁበት ፎንት ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ መስመሩ ይዘበራረቃል፤ በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ከተጻፈ ጭራሽ ፊደሉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ፒዲኤፍ አድርጉት። ምስል ከሆነ ለኤ3 ጥራት 3508 በ4961 ፒክስል ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩልንም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል፤ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ሲታተም ይደበዝዛል።

ባለቀለም 10 ብቻ አሳትሙ፣ ሌላው ጥቁርና ነጭ ኮፒ ይሁን። የደም ማስታወቂያ ስለሆነ ቀይ መደብ እንደምታደርጉ አውቃለሁ። ቀይ በጥቁርና ነጭ ኮፒ ሲደረግ ይጠቁራል፣ በላዩ ያለው ጥቁር ጽሑፍም ይጠፋል። ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ጽሑፍ፣ ቀይ ከፈለጋችሁ ለጠብታዋ ብቻ።

መልስ፦ ቻናል ጠባቂ

ፖስተር ዘመኑ አልፏል ባይ ነኝ፣ ግን አልከራከርም። ቴሌግራም ላይ ልብ የምትሉት ይህን ነው።

ፎቶ ከጽሑፍ ጋር ስትለቁ፣ ፕሪሚየም ከሌላችሁ፣ ጽሑፉ ከ1024 ምልክት አይበልጥም። ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ግን ፎቶው ላይ ብቻ እንዳይቀር ከሥሩም በጽሑፍ ይሁን። ዳታ ለመቆጠብ ፎቶ በራሱ እንዳይወርድ የዘጋ ተማሪ ብዙ ነው፤ ፎቶ ላይ ያለ ቃል ደግሞ በፍለጋ አይገኝም።

ሦስት ጊዜ ልቀቁ፦ ሳምንት ሲቀረው፣ ዋዜማው ማታ፣ በዕለቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያለው ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሰው ዶርም ገብቷል። የመላኪያውን ምልክት ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ የሚለቀቅበትን ሰዓት ማስያዝ ይቻላል። የዋዜማውን ፒን አድርጉት (ቻናሉ አናት ላይ እንዲቆይ)። ቻናላችሁ ፎርዋርድ ማድረግን ከልክሎ ከሆነ ክፈቱት፣ ካልሆነ ወደ ሰክሽን (የክፍል) ግሩፖች አይሻገርም።

ሰዓት የሚሞላ ልጅ ሁሌ የሚስተው አለ፦ ስልኩ 3፡00 ሲባል ሌሊት 9 ሰዓት ነው የሚያውቀው። የጠዋቱን 3 ሰዓት በስልክ 9፡00 አድርጋችሁ አስይዙ።

ጠያቂው፦ የጤና ክበብ ጸሐፊ

በጣም እናመሰግናለን። ደም ባንኩ ኅዳር 11ን ተቀብሏል። ረቂቁን እንዲህ አስተካክለነዋል፣ እዩልን፦

«የደም ልገሳ
ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፤ በስልክ ሰዓት ከ9፡00 እስከ 14፡00
ትልቁ አዳራሽ
ዕድሜ ከ18 እስከ 65፣ ክብደት ከ45 ኪሎ ጀምሮ፣ ባለፉት 3 ወራት ደም ያልሰጡ
ቁርስ በልታችሁ፣ ውሃ ጠጥታችሁ ኑ
ከምዝገባ እስከ ዕረፍት 1 ሰዓት ያህል ይፈጃል
ሰዓት ለማስያዝ፦ የሰክሽናችሁ ሬፕ»

ሌላ ጥያቄ፦ ትልቁ አዳራሽ በዚያ ሳምንት ለስብሰባ ሊያዝ ይችላል እየተባለ ነው። በመጨረሻ ሰዓት ቦታ ቢቀየርስ?

መልስ፦ ነርሷ

ረቂቁ ጥሩ ነው። «መታወቂያ ያዙ» ጨምሩበት። ከታችም «የዚያን ቀን ከባድ ስፖርት አይሠራም» በሉ። የዲፓርትመንት ኳስ ጨዋታ ያለበት ቀን ከሆነ ተጫዋቾቹን አትመዝግቡ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ትልቁ አዳራሽ ባይገኝ አትዘኑ። የሚያስፈልጋችሁ ምድር ላይ ያለ (አልጋ በደረጃ ማውጣት መከራ ነው)፣ አየር የሚገባው፣ ውሃና መጸዳጃ ቤት የቀረበው ክፍል ነው። አንድ ጥግ በመጋረጃ ይከለል፤ ባለሙያው የግል ጥያቄ የሚጠይቀው እዚያ ነው፣ ሰልፉ መስማት የለበትም። መውጫው አጠገብ ዕረፍት የሚደረግባቸው ወንበሮች፣ ለስላሳና ብስኩት ይሁኑ። ከሰጡ በኋላ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቀመጡ አይልቀቋቸው። ሳይሰጡ የተመለሱትን ሰዎች ዝርዝር ማንም እንዳይለጥፍ፣ ፎቶም ሳይፈቀድ አይነሳ።

መልስ፦ ሚኒ ሚዲያ

ለእኛ የምትሰጡን ጽሑፍ ከ40 ሰከንድ እንዳይበልጥ። ካፌ በር ላይ ያለ ሰው ግማሹን በጫጫታ ነው የሚሰማው፤ ቀን፣ ሰዓትና ቦታውን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ሁለቴ ጻፉት። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ምሳና እራት ላይ ይነበባል፣ ሐሙስ ቁርስ ላይ ደግሞ «በልታችሁ ሂዱ» የምትለዋ ብቻ። መብራት ሲጠፋ ድምፅ ስለሌለን በእኛ ብቻ አትተማመኑ።

መልስ፦ ቻናል ጠባቂ

ለቦታ ለውጡ፦ የለቀቃችሁትን ፖስት ብታርሙት የሚታረመው ቻናሉ ላይ ያለው ብቻ ነው። ቀድሞ ወደ ሰክሽን ግሩፖች ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አሮጌውን አዳራሽ እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ አዲስ ፖስት ይውጣ፣ የመጀመሪያው መስመር «ቦታ ተቀይሯል» ይበል፣ ከሥሩ አዲሱ ቦታ ብቻ ይጻፍ። አሮጌውን «ከ… ወደ…» እያላችሁ ከደገማችሁት ሰው የሚይዘው የመጀመሪያውን ስም ነው። ለሬፖች በተናጠል ላኩና «ደርሶኛል» ያላለውን ደውሉለት።

መልስ፦ ኮፒ ቤት

አዳራሹ አጠራጣሪ ከሆነ የቦታውን መስመር ባዶ ትታችሁ ኮፒ አድርጉና በወፍራም ማርከር ሙሉት። ከተለጠፈ በኋላ ከተቀየረም እያነሳችሁ አታትሙ። 5 ሴንቲ ስፋት ያለው ነጭ ቁራጭ ላይ አዲሱን ቦታ አሳትማችሁ በአሮጌው መስመር ላይ ለጥፉበት፤ አንድ ኤ4 ላይ አምስት ቁራጭ ይወጣል።

መልስ፦ ቢሮ ለቢሮ

ቦታ ሲቀየር ጥበቃውም እንዲያውቅ አድርጉ፤ መኪናውን የሚመራው እሱ ነው። አሮጌው አዳራሽ በር ላይም እስከ 5 ሰዓት ድረስ አንድ የክበብ አባል ይቁም። ቀስት የተሣለበት ወረቀት ብቻውን አይበቃም፤ ስብሰባ የገቡት ሰዎች በሩን ሲከፍቱት ቀስቱ ከበሩ ጋር ይዞራል።