ልጄን ከንባብ ሰዓቱ ላስወጣው ወይስ ይቀመጥ?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
ወገኖች፣ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ። ትምህርት ቤቱ በቅርቡ የሚነበቡትን መጻሕፍት ዝርዝር ልኮልናል። አንዱ ሁለት አባቶች ስላሉት ልጅ ነው። ባለቤቴ ርዕሱን እንዳየ «ከንባቡ ማስወጫውን ፎርም ሙዪና ይውጣ» አለ። እኔ ደግሞ መጽሐፉን ተውሼ ሳላነበው አልፈርምም ብያለሁ። እራት ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ፤ አማቴም ከአዲስ አበባ በቫይበር ገብተውበታል (እሳቸው የሚሉትን እዚህ አልጽፈውም)። እናንተ ምን አደረጋችሁ?

አባ ወራው፦
እህቴ፣ እኛ አስወጥተናል። በ2023 ካውንቲው ወላጅ ልጁን ከእንዲህ ያለ ንባብ የሚያስወጣበትን ፈቃድ ሲሰርዝ ሮክቪል ሰልፍ ወጥቻለሁ፤ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም አብረን ነበርን። ወላጆች ከሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2025 6 ለ 3 የፈረደልን እንድንጠቀምበት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ፍርዱ ግን መጻሕፍቱ ይነሱ አላለም። ክሱ እስኪያልቅ ቀድመው ያሳውቁ፣ ያልፈለገ ልጁን ያስወጣ ነው ያለው። የኔዋ ወጥታ ሌላ ክፍል ወረቀት ስትሞላ ትቆያለች፤ ምሳ ላይ ጓደኞቿ ታሪኩን አንድ ሳያስቀሩ ይነግሯታል። ስለዚህ ወጣችም አልወጣችም ማታ ጥያቄው ወደኔ ይመጣል። መልሱን ከአሁኑ ከባለቤትሽ ጋር ተስማሙበት።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦
አመሰግናለሁ። መጽሐፉን ከላይብረሪ አገኘሁት፤ አብዛኛው ሥዕል ነው። ዛሬ ልጁ ሲተኛ ባለቤቴ ያነበዋል፣ ቃል ገብቷል። ፎርሙ የሚመለሰው አርብ ነው።