የሁለት ካሜራ ቀለም አልገጥም አለኝ፤ አልበሙ ነገ ይታተማል

ማኅደር፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! የሠርግ አልበሙ ነገ ጠዋት ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። እኔና ረዳቴ ያነሣናቸውን ፎቶዎች አንድ ገጽ ላይ ሳስቀምጣቸው የሙሽራዋ ፊት በእኔ ወደ ቀይ፣ በእሱ ወደ ቢጫ ያደላል። ሙሽራው ሁለት ሴት ያገባ ይመስላል። የቀለም ድምቀቱን ብቀንስ ሁለቱም ገረጡ እንጂ አልተቀራረቡም። ምን ላድርግ?

ጥላ ፈላጊ፦ ካሜራዎቹ ምንድን ናቸው? ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ነው ጄፔግ (ካሜራው አቀነባብሮ የጨረሰው)? በምን ፕሮግራም ነው የምታርሚው? ይህን ሳትነግሪን መድኃኒት ማዘዝ አንችልም።

የሌሊት ወፍ፦ ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አድርጊና «ዘመን አይሽሬ» ብለሽ አስረክቢ። ዋጋም ጨምሪበት።

ጋሼ ሌንስ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ያዢው። ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ቀለም አያውቅም፤ የሚቆጥረው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ቀለም የሚገኘው በላዩ ከተነጠፉት የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ማጣሪያዎች ነው። የኮዳኩ ብራይስ ባየር እ.ኤ.አ. በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት አደራደር ይህ ነው፤ ከየአራቱ ነጥብ ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው። የማጣሪያዎቹ ቅንብር ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ ቁጥሩን ወደ ቀለም የሚተረጉመው ስሌትም እንዲሁ። ካኖን ፒክቸር ስታይል፣ ኒኮን ፒክቸር ኮንትሮል ይለዋል። ፉጂፊልም ደግሞ እነ ፕሮቪያንና ቬልቪያን የመሳሰሉ የቀድሞ ፊልሞቹን ስም ካሜራው ውስጥ አስገብቷል። ወደ ፊልም ዘመን ብንመለስ…

ማኅደር፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፤ የቀረውን አልበሙን ካስረከብኩ በኋላ ይንገሩኝ። የእኔ ካኖን፣ የረዳቴ ሶኒ ነው። ሁለቱም ሮው፣ ዋይት ባላንሱ (ነጩ በየመብራቱ ነጭ እንዲመስል የሚያደርገው ማስተካከያ) አውቶ፣ ማረሚያው ላይትሩም። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ያምራሉ። ለቆዳ ካኖን ይሻላል ይባላልና ረዳቴ ካሜራውን ይቀይር ይሆን?

ፀሐይ መውጫ፦ ዋይት ባላንሱን አስተካክይው።

አለት፦ ካሜራውን አትንኩት! ሮው ካነሣችሁ የካሜራው ስታይል ፋይሉ ላይ አልታተመም። ላይትሩም ካልተነካ በራሱ ፕሮፋይል (የቀለም አተረጓጎም) ነው የሚከፍተው፤ ስለዚህ አሁን የምታዪው የካኖንና የሶኒ ጠብ አይደለም። አብዛኛው ጣጣ የመጣው ሁለት ካሜራዎች ስለ አንድ መብራት በየራሳቸው አውቶ ሲፈርዱ ነው። የካኖን አውቶ እንኳ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የአምፖሉን ሙቀት ይተዋል፣ ሌላው ነጩን ነጭ ያደርጋል።

ጥላ ፈላጊ፦ አለት ልክ ነው፤ ሥራው ግን እንዲህ ነው። የሁሉንም ፕሮፋይል «አዶቤ ከለር» አድርጊ። ከዚያ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መብራት የተነሡ ሁለት ፎቶዎች ምረጪ፣ ከየካሜራው አንድ። በሁለቱም ላይ የሚታይ ግራጫ ነገር ፈልጊና የዋይት ባላንስ መምረጫውን እዚያው ላይ ጫኚ። ቬሎውን አትንኪ፤ ብርሃን ከበዛበት ያታልላል። የተገኘውን በዚያው መብራት ለተነሡት የዚያው ካሜራ ፎቶዎች ሁሉ ቅጂ። የካኖኑን የኬልቪን ቁጥር (የብርሃኑን የቀለም ሙቀት መለኪያ) ግን ወደ ሶኒው አታሻግሪ፤ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም መልኩ አንድ አይሆንም። ፊቱ አሁንም ቢጫ ካለ የሶኒውን የብርቱካናማ ሂዩ (የቀለሙን ዓይነት መቀየሪያ) ትንሽ ወደ ቀይ ግፊው። ድምቀቱን መልሺው፤ ጥፋቱ እሱ ጋ አልነበረም።

ፀሐይ መውጫ፦ እኮ፣ ዋይት ባላንስ አላልኩም?

የሌሊት ወፍ፦ ብለሃል። የነቢይነት ማዕረግ ይሰጥህ።

ምንጭ፦ አዳራሹ ኤልኢዲ ነበር? ርካሽ ኤልኢዲ ብርሃኑ የተሟላ ስላልሆነ የሁለቱ ካሜራዎች ማጣሪያ በተለያየ መንገድ ያነበዋል፤ በአንድ ማስተካከያ ሁሉም ቀለም አይገጥምም። እዚያ ፊቱን ብቻ በማስክ ለይተሽ አቀራርቢው፣ መጋረጃው እንደፈለገ ይሁን። ማተሚያ ቤቱንም ከቀለም ስፋቶች (ፋይሉ ቀለምን ከሚመዘግብባቸው ደረጃዎች) ኤስአርጂቢን ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂ። ሰፋ ያለውን አዶቤ አርጂቢ ልከሽ እንደ ኤስአርጂቢ ካነበቡት ሙሽራዋ ደብዝዛ ትወጣለች።

ማኅደር፦ የመስኮትም ብርሃን ነበረበት። ግራጫ ነገር የለም፣ የሙሽራው ሱፍ ጥቁር ነው።

ጥላ ፈላጊ፦ ከጥቁሩ ብርሃን ያረፈበትን ትከሻ ሞክሪ። ጥርት ያለ ጥቁር ባይሆንም ለሁለቱም ካሜራ ያው አንድ ሱፍ ነው።

ቀስተ ደመና፦ ሳላቋርጣችሁ፣ የእኔ ኒኮንና ፉጂፊልም ናቸው፤ ሁለቱም ግን ጄፔግ። መንገዱ ለእኔም ይሠራል?