የዊ ጊታር ላፕቶፕ ላይ፦ ቁልፎች ይጠፋሉ፣ ምቱ ይደገማል፣ ድምጹ ይዘገያል

ጠያቂ፦ ሚጡ_ጌም

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለዊ (ለኒንቴንዶ ጌም ማጫወቻ) የተሠራ፣ የጊታር ሂሮ 3 ጌም ጊታር፣ ነጩ ሌስ ፖል፣ ያገለገለ አግኝቻለሁ። ዊው የለኝም፤ የምፈልገው ዊንዶውስ 10 ባለው ላፕቶፕ ክሎን ሂሮ (ጊታር ሂሮን የሚመስል የኮምፒውተር ጌም) መጫወት ነው። በተውሶ የዊ ሪሞት ስሞክረው አራት ነገር ገጠመኝ፦

– ላፕቶፑ ሪሞቱን በብሉቱዝ አንዴ ያገኘዋል፣ አንዴ ያጣዋል።
– ቀይና ቢጫ ቁልፎች ዘፈን መሀል ይጠፋሉ፤ አንገቱን ጫን ሲሉት ይመለሳሉ።
– የመምቻውን ዘንግ (ስትረም ባሩን) አንዴ ስመታ አንዳንዴ ሁለት ይቆጥርብኛል።
– ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥን፣ ድምጹን ከብሉቱዝ ስፒከር ጋር ሳገናኝ በሰማሁት ምት ብመታም ይስትብኛል።

ከየትኛው ልጀምር? መበየድ የሚችል ሰው አጠገቤ አለ።

መልስ፦ ስታኞ

ከአንገቱ ጀምሪ። እሱ ሳይስተካከል ሌላውን ብትነኪ ጥፋቱ ከየት እንደሆነ አታውቂም።

ሌስ ፖሉ አንገቱ ተነቃይ ነው። አምስቱ ቁልፎች አንገቱ ላይ፣ ዋናው ሰሌዳ ገላው ውስጥ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው መጋጠሚያው ላይ ያሉት ትንንሽ የብረት ንክኪዎች ብቻ ናቸው። ላብና አቧራ ሲይዛቸው ወይም ስፕሪንጋቸው ሲደክም ቁልፍ ይጠፋል። «ጫን ሲሉት ይመለሳል» ያልሽው ምልክቱ ራሱ ነው።

ሪሞቱን አውጥተሽ ከጀርባ ያለውን መቆለፊያ ልቀቂና አንገቱን ሳቢ። 90 በመቶ እና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጆሮ ጥጥ ነክረሽ ሁለቱንም ወገን ጥረጊ። 70 በመቶውም ያጸዳል፣ ግን ውሃ ስለሚበዛበት ደህና አድርገሽ አድርቂው። ጥቁሩ ካልለቀቀ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለሽ እሺ፣ ፍርፋሪውን አራግፊ። የብርጭቆ ወረቀት እንዳታስነኪው፤ ሽፋኑን ትልጪና ከቀድሞው ቶሎ ይዝጋል። ከዚያ ስፕሪንግ ያላቸውን ንክኪዎች በስቴኪኒ ጫፍ በግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ወደ ውጭ ከፍ አድርጊ። ከዚህ በላይ ካጠፍሻቸው ይሰበራሉ፣ መለዋወጫ ማግኘት ደግሞ ራስ ምታት ነው። አንገቱ ገብቶም የሚወዛወዝ ከሆነ መጋጠሚያው ጎን ላይ አንድ ሁለት ዙር ፕላስተር ለጥፊ።

ስትፈትሺ አንድ ቁልፍ ተጭነሽ ያዢና አንገቱን ብቻ አወዛውዢ። ምልክቱ ከተቆራረጠ ንክኪው ነው። አንገቱ ሳይንቀሳቀስ ቁልፉ ራሱ እንቢ ካለ ግን ጥፋቱ ከቁልፉ በታች ነው፤ አንገቱን ፈትተሽ የላስቲኩን ጥቁር ሆድና የሚያርፍበትን ሰሌዳ በዚያው አልኮል ጥረጊ።

ጽዳቱ ካልቆየ መፍትሔው ብየዳ ነው፦ እያንዳንዱን ንክኪ በቀጭን ባለ ብዙ ክር ገመድ ከአቻው ጋር ማገናኘት። ከዚያ በኋላ ግን አንገቱ አይነቀልም፣ ሻንጣም አይገባም።

መልስ፦ ሊቀ_ሽቦ

ስታኞ ያለው ትክክል ነው፤ ለብየዳው ግን አትቸኩዪ፣ አብዛኛው በጽዳት ይድናል።

ስለ ግንኙነቱ። ይህ ጊታር ራሱ ብሉቱዝ የለውም። ጀርባው ውስጥ በምትሰኪው የዊ ሪሞት በኩል ነው የሚናገረው፤ ሁለቱን የሚያያይዛቸው አጭሩ ገመድና መሰኪያው ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ።

በሪሞቱ ከሄድሽ፣ ዊታርቲንግ የሚባል ነጻ ፕሮግራም እና ቪጄም ባስ የተባለው ድራይቨር ያስፈልጉሻል፤ ጊታሩን ለዊንዶውስ እንደ ኤክስቦክስ መጫወቻ ያቀርቡታል። ስታጣምሪ 1 እና 2ን አንድ ላይ ከመጫን ይልቅ የባትሪውን ክዳን ከፍተሽ ውስጥ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ተጫኚ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ምልክቱ ይቆራረጣል፣ ስለዚህ ሌላ ከመጠርጠርሽ በፊት ሁለቱንም ቀይሪ። ኦሪጅናል ያልሆነ ሪሞት ብዙ ጊዜ ይህንን መንገድ እንቢ ይላል።

ሁለተኛው በሽቦ ነው፤ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። የዊ ጊታርን መሰኪያ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አስማሚ ተሠርቶ ይሸጣል። መበየድ የሚችል ሰው ካለሽ ግን ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ (ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ ሰሌዳ) ገዝታችሁ ሥሩት። የጊታሩን ገመድ እንዳትቆርጡ! የዊ ማራዘሚያ ገመድ ግዙና ያንን ቁረጡ፤ ለኔስ ክላሲክ ሚኒ (ሌላ የኒንቴንዶ ማጫወቻ) የሚሸጠውም ማራዘሚያ መሰኪያው አንድ ነው። ጊታሩ የሚሰካበትን ወገን አስቀሩ። አራት ሽቦ ይበቃል፦

3.3 ቮልት ወደ ፒኮው እግር (ፒን) 36
መሬት (ግራውንድ) ወደ እግር 38
ዳታ (ኤስዲኤ) ወደ እግር 6
ክሎክ (ኤስሲኤል) ወደ እግር 7

እግር 40 ላይ ያለው 5 ቮልት ነው፤ ጊታሩ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ እዚያ ከነካ ሰሌዳው ሊቃጠል ይችላል። በሽቦው ቀለም አትመኑ፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ በመልቲሜትር ከመሰኪያው ጀምራችሁ ለኩ። ንባቡ የሚዘል ከሆነ ከዳታውና ከክሎኩ ወደ 3.3 ቮልት አንድ አንድ የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨምሩ። ከዚያ የፒኮውን ነጭ ቁልፍ ይዛችሁ ዩኤስቢውን ስኩ፤ እንደ ፍላሽ ሲታይ በሳንትሮለር ማዋቀሪያ ፕሮግራም የዊ ጊታርን መርጣችሁ፣ ዳታና ክሎኩን 4 እና 5 (እግር 6 እና 7 ማለት ነው) አድርጋችሁ ጫኑበት።

ብዙ ሰው ዘግይቶ የሚያውቀው ነገር አለ፦ በሽቦ ስትሄጂ ጊታሩን ቀና አድርጎ ስታር ፓወር (ነጥብ የሚያባዛውን ጉልበት) ማስነሳት ይቀራል። ማዘንበሉን የሚያውቀው ጊታሩ ሳይሆን ሪሞቱ ውስጥ ያለው ሴንሰር ነበር። የመቀነስ ምልክት ያለውን ቁልፍ ለስታር ፓወር መድቢው፤ ማዘንበሉ የግድ ካስፈለገሽ ፒኮው ላይ አክስለሮሜትር (ማዘንበልን የሚለካ ሴንሰር) ይጨመራል።

መልስ፦ ኤክስፐርት_ብቻ

ሊቀ_ሽቦ ሁልጊዜ ሽቦ! ለመጀመሪያ በሪሞቱ ይጫወቱበታል፤ ሚዲየም (መካከለኛው ደረጃ) ላይ ልዩነቱ አይሰማም። የሽቦው ጥቅም የሚታየው ኤክስፐርት (ከባዱ ደረጃ) ላይ ነው።

አራተኛው ጥያቄሽ ከጊታሩ ጋር አይገናኝም። የብሉቱዝ ስፒከሩን ዛሬውኑ ተዪው። ብሉቱዝ ድምጽ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ መዘግየቱ የተለመደ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው ዘፈን የሩብ ምት ርቀት (አሥራ ስድስተኛ ኖት) 125 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ድምጹ ከአንድ ሙሉ ኖት በላይ ወደኋላ ይቀራል ማለት ነው። «በካሊብሬሽን (ጌሙ ውስጥ ባለው የመዘግየት ማስተካከያ) ይስተካከላል» የሚልሽ ይኖራል። ካሊብሬሽን ቋሚ መዘግየትን ያካክሳል፣ የሚዋዥቀውን ግን አይችለውም፤ ብሉቱዝ ደግሞ ይዋዥቃል። በሽቦ ሄድፎን ከላፕቶፑ ላይ ስሚ።

ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ላይ አድርጊው። ምስሉን ለማሳመር የሚሠራው ማለስለሻ ሁሉ ፍሬም ይዞ ያቆያል፣ በ60 ኸርዝ አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ክሎን ሂሮ ውስጥ ቪሲንክን (ምስሉን ከስክሪኑ ጋር የሚያመሳስለውን ቅንብር) አጥፊ።

ከዚህ በኋላ ነው ካሊብሬሽን። የድምጽና የምስል ማስተካከያው ለየብቻ ነው፣ መጀመሪያ ድምጹን ጨርሺ። የምታውቂውን ቀለል ያለ ዘፈን መርጠሽ ከስክሪኑ ይልቅ ጆሮሽን ተከትለሽ ምቺ፤ የሚስትሽ ከሆነ የድምጹን ቁጥር በ10 ሚሊሰከንድ እየቀየርሽ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚሻል እዪ፣ መጨረሻ ላይ በ5። ድምጹ ከተያዘ በኋላ ኖቱ መስመሩን የሚነካበት ቅጽበት ከምቱ ጋር እስኪገጥም የምስሉን ቀይሪ። ላፕቶፑ ስክሪን ላይ ያገኘሽው ቁጥር ቴሌቪዥኑ ላይ አይሠራም፤ ሁለቱንም ጽፈሽ ያዢ።

መልስ፦ ስታኞ

ሁለት የሚቆጥረው ምት ቀርቶ ነበር። ከዘንጉ ሥር ሁለት ማብሪያዎች አሉ፣ አንዱ ለላይ አንዱ ለታች። የዊንዶውስን የጌም ኮንትሮለር መፈተሻ መስኮት ክፈቺና ወደ ታች አንዴ ብቻ ምቺ። ከታች ቀጥሎ «ላይ» ብልጭ ካለ ዘንጉ ሲመለስ አልፎ ተቃራኒውን እየነካ ነው፦ ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም ማብሪያው ከቦታው ላልቷል። ፈትተሽ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጥብቂ፣ ግን ፕላስቲኩን የሚሰነጥቅ ያህል አይሁን። «ታች» ራሱ ሁለቴ ከበራ ደግሞ የማብሪያው ብረት እየነጠረ ነው፤ እሱ ይቀየራል።

ፒኮውን ከሠራችሁ ነጠራውን በቅንብርም መዋጥ ይቻላል፣ የስትረም ዲባውንስ የሚለውን ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ማድረግ። በደቂቃ 180 ምት ባለው ዘፈን አሥራ ስድስተኛ ኖቶች በየ83 ሚሊሰከንድ ነው የሚመጡት፣ እጅሽ ላይና ታች ሲፈራረቅ ደግሞ አንዱ ማብሪያ የሚነካው በየ166 ስለሆነ 20 ምንም አይቆርጥብሽም።

ጠያቂ፦ ሚጡ_ጌም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ንክኪውን አጸዳነው፣ ቀይና ቢጫው ተመልሰዋል። ድምጹ በሽቦ ሄድፎን ተስተካከለ። ምቱም ያለ ፒኮ ብሎን በማጥበቅ ቆመ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ብርቱካናማው ላይ ትንሿ ጣቴ አይደርስም፤ እና የአማርኛ ዘፈን ራሴ ልሠራ ብል ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ኤክስፐርት_ብቻ

ጣቱን አታስገድጂ። ሌባ ጣትሽን ቀይ ላይ አሳርፈሽ አረንጓዴ ሲመጣ ብቻ ወደ ኋላ አንሸራቺ፤ ወይም አራቱን ጣት ይዘሽ ለብርቱካናማው መላ እጅሽን በአንድ ቁልፍ ውረጂ። ነጠላ ኖት ላይ ከእሱ በፊት፣ ወደ አረንጓዴው ወገን ያሉትን ቁልፎች ይዞ መቆየት ይፈቀዳል፤ አረንጓዴን እንደያዝሽ ሰማያዊውን ብትጫኚ ሰማያዊ ነው የሚቆጠረው። ኮርድ (አንድ ላይ የሚመጡ ኖቶች) ላይ ግን በትክክል የታዩት ብቻ መያዝ አለባቸው። ከባዱን ቦታ በፕራክቲስ ሞድ ክፍሉን መርጠሽ ፍጥነቱን ቀንሰሽ ሥሪው። ኖቶቹ ተደራርበው ከታዩሽ ደግሞ የኖት ፍጥነቱን ጨምሪ፤ ዘፈኑን ሳያፈጥን ኖቶቹን ያራርቃቸዋል።

መልስ፦ ባለ_ክራር

ስለ ዘፈኑ። የሚሠራው ሙንስክሬፐር በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው። ድምጹን በኦግ (ogg) ፋይል አስቀምጪው፤ ኤምፒ3 መጀመሪያው ላይ ትንሽ ባዶ ይጨምርና ልኬቱን ያዛባል። ከመጀመሪያው ኖት በፊት ሁለት ሰከንድ ያህል ጸጥታ ተዪ፣ አለበለዚያ ኖቱ ተጫዋቹ ሳይዘጋጅ ደርሶ ያልፋል።

የአማርኛ ዘፈን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው ችክችካ ነው። ችክችካ 6/8 ስለሆነ 4/4 ላይ ከሠራሽው ኖቱ ሁሉ ከመስመሩ ይወጣል። ልኬቱን 6 በ8 አድርጊ። ሙንስክሬፐር ፍጥነትን የሚቆጥረው በሩብ ኖት ነው፤ አንቺ በእግርሽ የምትመቺው ደግሞ ባለ ነጥብ ሩብ ነው። ስለዚህ በእግር 120 የቆጠርሽውን በ1.5 አባዢና 180 ጻፊ። አንድ ሩብ ኖት በ192 ክፍልፋይ በሚቆጠርበት ስሌት ስምንተኛ ኖት 96፣ የእግር ምቱ 288 ይሆናል።

ሁለተኛው የድሮ ቅጂ ነው። ባንዱ አንድ ላይ ተሰብስቦ፣ ያለ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) የቀዳቸው ዘፈኖች ይፈጥናሉ፣ ይዘገያሉ፤ ውበታቸውም እዚያ ላይ ነው። አንድ ፍጥነት ለሙሉ ዘፈን ከሰጠሻቸው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ኖትና ድምጽ ይለያያሉ። በየሁለት ወይም በየአራት ባሩ (የልኬቱ አንድ ዙር) የፍጥነት ምልክት ተክለሽ የከበሮውን ምት እያየሽ መቸንከር ነው ያለው። አድካሚ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም፤ ኖት መደርደር ከዚህ በኋላ ይሁን።

ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምጽ ናቸው፣ አንገቱም ባለ አምስት ቁልፍ። «እያንዳንዱን ድምጽ ለአንድ ቀለም» ማለት ያጓጓል፣ ለትዝታ አጭር ሐረግም ያምራል። ዜማው ከስምንትዮሹ (ከኦክታቩ) ሲያልፍ ግን ወደ ላይ የሚሄደው ድምጽ ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ ይወድቅና እጁ ከጆሮው ጋር ይጣላል። ከቋሚ ምደባ ይልቅ የዜማውን መውጣትና መውረድ ተከተዪ፣ ሐረግ ሲጀመር ቦታ መቀየር ይቻላል።

መልስ፦ ሊቀ_ሽቦ

በባለ ክራር ላይ አንድ ልጨምር። ጌሙ አንድን ኖት በራሱ ሃመር-ኦን (ዘንጉ ሳይመታ ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚቆጠር) የሚያደርገው ከፊተኛው ኖት በ192 ስሌት እስከ 65 ሲርቅ ነው። የችክችካው ስምንተኛ 96 ስለሚርቅ ሁሉም ስትረም ሆኖ ይወጣል፤ በደቂቃ 180 ላይ ይህ በሰከንድ ስድስት ምት ነው። ክራር የሚከረከርበት ቦታ ላይ ስትረም ይሁን፤ ዋሽንትና ማሲንቆ ድምጹን ሳይቆርጡ የሚያንሸራትቱበትን ሐረግ ግን መርጠሽ ፎርስድ በሚለው ወደ ሃመር-ኦን ቀይሪው። የሐረጉን የመጀመሪያ ኖት ስትረም ተዪው፤ ተጫዋቹ ኮምቦው (ሳይስት የመጣበት ተከታታይ) ተቆርጦ ከደረሰ ሃመር-ኦኑ ሳይመታ አይቆጠርለትም፣ መነሻ ያስፈልገዋል።