ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር በሳይክልና በሞተር፦ የግንቦትን ሰማይ እንዴት እንለፈው?

ፔዳል_በጣና (ጠያቂ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ግንቦት አጋማሽ ላይ በቡድን ከባሕር ዳር ተነስተን በሐሙሲት፣ በወረታና በአለም በር አድርገን ደብረ ታቦር ልንወጣ ነው። ዘጠኝ ነን፦ አምስት ሳይክል፣ አራት ሞተር። ከሳይክሎቹ አራቱ ባለ ማርሽ ማውንቴን ናቸው፤ አንዱ ያ የምታውቁት ከባዱ፣ ማርሽ የሌለው ነው። ሞተሮቹ ሦስት ቦክሰርና አንድ አፓቺ። ያሰብነው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተነስተን ማታ ደብረ ታቦር ማደር፣ እሁድ መመለስ ነው።

ያስጨነቀን ሰማዩ ነው። ጠዋት ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከሰዓት በረዶ ይጥላል። ሰዓቱን እንዴት እናስላ? ሳይክልና ሞተር እንዴት አብሮ ይሄዳል? ምን መለዋወጫ፣ ምን የዝናብ ልብስ እንያዝ?

ጉና_ሥር

ዕቅዳችሁን የሚያበላሸው ያ 2 ሰዓት ነው። አስሉት። እስከ ወረታ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ነው፤ በቡድን ከነዕረፍቱ አራት ሰዓት ይፈጃል። ወረታ 6 ሰዓት ትደርሳላችሁ፣ ምሳ በልታችሁ 7 ሰዓት ላይ ቀሪውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትጀምራላችሁ። ከ1,800 ሜትር ግድም ተነስቶ ወደ 2,700 የሚወጣ መንገድ ነው፤ ከአለም በር በኋላ ዳገቱ ይጠነክራል። ዕቃ የያዘ ሳይክል እዚያ ላይ በሰዓት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። እንግዲህ ከ7 እስከ 12 ሰዓት፣ ልክ የጉና ተራራ ደመናውን በሚያራግፍበት ሰዓት፣ ዳገት ላይ ናችሁ ማለት ነው።

በዚህ አካባቢ የዝናቡ ሰዓት እንደ ቦታው ይለያያል። ተራራው ላይ ከሰዓት በኋላ ይበዛል፤ ፀሐይ ገደሉንና ተዳፋቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሳና ደመና ይሆናል። ሐይቁ ዳር ግን ማታና ሌሊት ይበዛል፤ ውኃው ሙቀቱን ይዞ ያድራል፣ ከዙሪያው ደጋ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ያነሳዋል። ስለዚህ ባሕር ዳር ሌሊቱን ዘንቦ አስፋልቱ ረጥቦ ቢያድር ጉዞ አትሰርዙ። ከተራራው በኩል ግን ከ5 ሰዓት በፊት ደመናው እንደ ጎመን ራስ ሽቅብ ካበጠ፣ የዚያን ቀን ዳገት እርሱት።

የኔ ሐሳብ፦ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሱ፣ 4 ሰዓት ተኩል ወረታ ግቡ፣ እዚያው እደሩ። እሁድ 12 ሰዓት ዳገቱን ጀምሩ፤ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ደብረ ታቦር ናችሁ። በዚያው ቀን 100 ኪሎ ሜትር በሳይክል ወደ ባሕር ዳር መመለስ አይሞከርም። ወይ ሰኞን ጨምሩ፣ ወይ ሳይክሎቹን በአይሱዙ ጭናችሁ መልሱ። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ አለም በር ድረስ ወጥታችሁ ተመለሱ፤ ከተራራው ሥር ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ አያንስም።

ባለ_ፍሪሲዮን

ጉና_ሥር በሰዓቱ ያለውን እደግፋለሁ። ስለ ሞተሮቹ ልጨምር።

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ሞተሩን ከሳይክል ኋላ እንደ ጥላ ማስከተል ነው። ቦክሰርም አፓቺም ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዘው በጉዞ የሚመጣ ነፋስ ነው። ዳገት ላይ በ9 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ግማሽ ተይዞ ሃያ ደቂቃ ቢሄድ ነፋሱ የለም፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ ይቃጠላል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ወይም ጋዝ ስትሰጡት ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ አቁሙ፣ ይቀዝቅዝ።

የሚሻለው መዝለል ነው። አንዱ ሞተር ቀድሞ ይሄዳል፣ ሜዳ ላይ 5 ኪሎ ሜትር፣ ዳገት ላይ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ ቆሞ ይጠብቃል፤ መንገዱንና ሰማዩን አይቶ ይደውላል። ሁለተኛው ጭራ ነው፦ የመጨረሻው ሳይክል ካለፈው በኋላ ቆሞ ይቆያል፣ ከዚያ በተለመደ ፍጥነት ሄዶ ይደርስበታል፣ እንደገና ይቆማል። መለዋወጫውና ፖምፓው ጭራው ላይ ይሁን፤ ጎማ የተነፈሰበት ሰው ሁልጊዜ ወደ ኋላ ስለሚቀር። የቀሩት ሁለቱ ዕቃ ጭነው በቀጥታ ወደሚቀጥለው ማረፊያ ይሂዱ፣ ሻይም ያዘጋጁ። ወረታ መገንጠያው ላይ አንድ ሰው ቆሞ ቡድኑን ያሳልፍ፤ ቀጥ ብሎ ወደ አዲስ ዘመን የሚነጉድ አይጠፋም።

ቤንዚን ከባሕር ዳር ሙሉ ታንከር ቅዱ። እንዲህ ያለ ሞተር በሊትር 40 እና ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ለደርሶ መልሱ ይበቃል፤ በየከተማው በጄሪካን የሚሸጠው ላይ አትመኩ፣ ውኃ ሊኖርበት ይችላል። ሞተሩ አስሎ አስሎ ከጠፋ ካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ላላ አድርጉና ግማሽ ብርጭቆ ያህል ውስጡ በሚታይ ጠርሙስ ቅዱ፤ ውኃ ካለ ከታች ይተኛል። ብሎኗን ሙሉ በሙሉ አትፍቱ፣ ሣር ውስጥ ከወደቀች አትገኝም።

ካቴና_ጠባቂ

ፍሬን ላይ ላተኩር፤ በዝናብ የሚጥለው እሱ ነውና። ማውንቴኑ ቸርኬውን የሚይዝ የጎማ ፍሬን ከሆነ፣ በረጠበ ቸርኬ ላይ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች ውኃውን መጥረጊያ ናቸው፤ ይዞ የሚያቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ቁልቁለት ሲጀምር፣ ሳትፈልጉት በፊት፣ በቀስታ ነካ ነካ አድርጉት። በሳይክልና ሳይክል መካከል ሜዳ ላይ 5 ሜትር ይበቃል፤ በዝናብ ቁልቁለት ላይ ከ30 ሜትር አይነስ። ፊትና ኋላ እያፈራረቁ ነው መያዝ፤ አንዱን ብቻ ይዞ እስከ ታች መውረድ ቸርኬውን ያግላል፣ ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። የፍሬን ጎማው ላይ ያለው መስመር ሊጠፋ ከደረሰ ከመነሳታችሁ በፊት ቀይሩ፤ እርጥብ አሸዋ በደረቅ ወር የማይበላውን በአንድ ከሰዓት ይበላዋል።

የሞተሩ ፍሬን ባለ ሸራ ከሆነ ኩሬ ካለፈ በኋላ አይይዝም። ኋላ ማንም እንደሌለ አይታችሁ 50 ሜትር ያህል በእግር ፍሬኑን ቀለል አድርጎ እየተጫኑ መሄድ ያደርቀዋል።

ከሐሙሲት ወረታ ፎገራ ሜዳ ነው፣ አፈሩም ዋልካ። ግንቦት ላይ እርሻ ስለሚጀመር ትራክተሩና በሬው ጭቃውን አስፋልት ላይ ያወጡታል፤ ካፊያ ሲነካው ሳሙና ነው። እዚያ ላይ ፍሬን አትያዙ፣ መሪ አትጠምዝዙ፣ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። ዝናብ ሲመጣ ከአስፋልት ወጥቶ ሜዳው ላይ መቆም ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፦ ዋልካ ፓራፋንጎና ጎማ መካከል ይሞላል፣ ጎማው ከናካቴው አይዞርም። ከነሳይክሉ ድልድይ ወይም ጠጠር ያለበት ቦታ ላይ ቁሙ።

መለዋወጫ፦ ከመነዳሪ ለማውንቴኑ ሦስት፣ ለከባዱ ሁለት። ዝናብ ላይ ልጥፍ አይያዝም፤ ማስቲሹ እርጥበት አይወድም። መንገድ ላይ ከመነዳሪ ቀይሩ፣ የተበሳውን ማታ ወረታ ቁጭ ብላችሁ ለጥፉ። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ጎማውን ከውስጥ በጣት ዳብሱት፤ የግራር እሾህ እዚያው ተሰክቶ ስለሚቀር አዲሱንም ይበሳዋል። የከባዱ ሳይክል ቫልቮላ ከማውንቴኑ ስለሚለይ ፖምፓው ለሁለቱም መግባቱን ቤት ሆናችሁ ሞክሩ። ለቦክሰሮቹ የከመነዳሪው ልክ ብዙ ጊዜ ፊት 2.75-17፣ ኋላ 3.00-17 ነው፤ ግን ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ሳታዩ አትግዙ። በተረፈ ሁለት ካንዴላ ከነቁልፉ፣ አንድ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ፒንሳ፣ 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁልፍ፣ ሽቦ፣ የተቆራረጠ አሮጌ ከመነዳሪ ለማሰሪያ። ካቴናው ማታ በጨርቅ ይጠረግና ዘይት ይቀባ፣ ሳይጠረግ የተቀባ ዘይት አሸዋውን ይዞ ጥርስ ይሞርዳል።

የሩዝ_አገር

ለዝናብ ልብስ ያን ከላይ የሚጠለቀውን ሰፊ ላስቲክ ግዙ። ርካሽ ነው፣ ቦርሳንም ይሸፍናል።

ባለ_ፍሪሲዮን

@የሩዝ_አገር ወንድሜ፣ ለእግረኛ ጥሩ ነው፣ ለሞተር ግን አይሆንም። ነፋስ ሲገባበት እንደ ሸራ ይነፋል፣ ጫፉ ካቴና ውስጥ ይገባል፣ ከኋላ መብራቱን ይሸፍነዋል። በሳይክልም መሪው ላይ ሲዘረጋ ፊት ጎማውን አያሳይም። ሱሪና ጃኬት ለየብቻ የሆነውን ይያዙ፣ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ቢሆን ይሻላል። ዕቃውን በማዳበሪያ ከረጢት፣ ከውስጥ ላስቲክ ባለው፤ የላስቲኩን አፍ ጠምዝዞ፣ አጥፎ፣ በከመነዳሪ ቁራጭ ማሰር። ደረቅ ካልሲና ሹራብ በተጨማሪ ላስቲክ ለብቻ ይታሰር።

ነርሷ

ሦስት ነገር ብቻ።

ብርድ፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከባሕር ዳር ሙቀት የወጣ ሰው በላብ የራሰ ከናቴራ ለብሶ ደብረ ታቦር ሲደርስ ይንዘፈዘፋል፤ የሚብሰው ግን ቁልቁለቱ ነው፣ እግር አይሠራም፣ ነፋሱ ያይላል። ከመውረዳችሁ በፊት ደረቅ ከናቴራ ቀይሩ፣ ደረት ላይ ጋዜጣ ወይም ላስቲክ ጣል አድርጉ፣ በሱፍ ጓንት ላይ የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት አድርጉበት። ጣቱ የደነዘዘ ሰው ፍሬን አይዝም። ጋቢ ለማደሪያ እንጂ ለመንገድ አይሁን፤ ጥጥ ከረጠበ ይከብዳል፣ አያሞቅም። የሚንቀጠቀጥ፣ አፉ የሚተሳሰር ሰው ካያችሁ አውርዱት፣ ልብሱን ቀይሩ፣ የሞቀ ስኳር ያለው ሻይ ስጡ። አረቄ አይሰጥም፤ የሚያሞቅ ይመስላል፣ ሙቀቱን ግን ከሰውነት ያወጣዋል።

መብረቅ፦ ፎገራ ሜዳ ላይ ከሁሉ ረጅሙ ነገር እናንተ ናችሁ። ብልጭ ካለበት እስከሚያጓራ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ጉዞ ይቁም፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ለብቻው የቆመ ዋርካ ሥር አትጠለሉ። ቤት ወይም የተዘጋ መኪና ከተገኘ እዚያ፤ ካልተገኘ ከሳይክሉና ከሞተሩ ራቅ፣ እርስ በርስም ተራራቁ።

ውኃ፦ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር። በሶ ብጥብጥ፣ ቆሎና ሙዝ ይበቃል፤ በተጨማሪ ሁለት ሦስት የኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር) ፓኬት ያዙ፣ አንዱ ለአንድ ሊትር ነው፣ አታቅጥኑት አታወፍሩት።

ፔዳል_በጣና (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልን። በወረታ ማደሩን ተቀብለናል፣ ሰኞንም ጨምረናል። ያ ከባዱ ሳይክል ግን ይወጣዋል? ባለቤቱ «አልቀርም» ብሏል። ደግሞስ በጎማው ስንት ንፋስ?

ካቴና_ጠባቂ

የኋላ ጥርሱ 18 ከሆነ በ22 ይቀየር፤ ካቴናው በአንድ ጥንድ ቀለበት ይረዝማል። እንደዚያም ሆኖ ከአለም በር በላይ ያለውን አብዛኛውን ይገፋዋል፣ እወቁት። ዕቃውን በሙሉ ሞተር ላይ ጫኑለት። ሲመለስ ቁልቁለቱን አይውረድ፤ ያ በብረት ዘንግ የሚሳብ ፍሬን በረጠበ ጊዜ ያን ክብደት አያቆምም። ሳይክሉ በአይሱዙ እስከ ወረታ ይጫን፣ ሜዳውን ይንዳ።

ንፋስ ለማውንቴኑ በአስፋልት 45 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ፣ መንገዱ ረጥቦ ካደረ 5 ቀንሱ። ጎማው ጎን ከተጻፈው ጣሪያ አትለፉ። ዕቃ የሚጭኑት ሞተሮች ኋላቸው 32 አካባቢ ይሁን።

የሩዝ_አገር

ላስቲኩን ትቻለሁ። ወረታ ስታድሩ ግቢው በር ያለውና ጣሪያ ያለው መሆኑን አይታችሁ ያዙ፤ ሌሊት ይዘንባልና የሞተሮቹን ወንበርና የቤንዚን ክዳን ሸፍኑ። ከመነሳታችሁ ቀን በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑንና የሞተር ሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩን በሁለቱም በኩል ጠይቁ፤ ባሕር ዳር የተፈቀደው ወረታ ላይ ላይሆን ይችላል። መንጃ ፈቃድና ሊብሬ በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረት ኪስ ውስጥ።

ጉና_ሥር

አንድ የረሳሁት፦ ከ5 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል። ወደ ወረታ ስትሄዱ ከግራችሁ ነው። አይሱዙ ወይም አውቶቡስ ሲያልፋችሁ ነፋሱን ለአፍታ ይጋርደዋል፣ ካለፈ በኋላ መልሶ ይገፋችኋል፤ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ፣ ከጠርዙ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብላችሁ ንዱ። በድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ አቧራ እያስነሳ ከፊት ለፊት ከመጣ ዝናቡ ደርሷል፤ የዝናብ ልብሱ ያኔውኑ ይለበስ፣ ጠብታው እስኪነካችሁ አትጠብቁ።