ከገበሬ በውል የተገዛ ቤት፦ ካርታ ይሰጠው ወይስ ይፍረስ?

ተከራዩ፦ ሰላም ለባሕር ዳር ልጆች። ደላላ ይዞኝ በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግረን ወደ ዘንዘልማ አቅጣጫ ወጣን። ቦታው 150 ካሬ ነው፤ በላዩ ምርጊቱ ገና ያልደረቀ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት አለ። ካርታ የለውም። ያለው በእጅ የተጻፈ ውልና የሦስት ሽማግሌዎች ፊርማ ነው። ዋጋው ግን ካርታ ያለው ቤት ከሚጠየቅበት ግማሽ አይሞላም። ደላላው «ዛሬ ነገ ሕጋዊ ይደረጋል» ይላል። እውነት መደረግ አለበት ትላላችሁ? ወይስ የሚያፈርሰው ግብረ ኃይል ልክ ነው?

የሕግ ሰው፦ ወንድሜ፣ ገበሬው የሚሸጥልህ መሸጥ የማይችለውን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይህን ስለሚያውቁ ነው አንዳንዶች ሽያጩን በብድር ውል ስም የሚጽፉት። ነገ ጠብ ቢነሣ በእጅህ ያለው የብድር ወረቀት ነው፤ ያበደርከውን ውሰድ ትባላለህ፣ ያውም ብሩ ከረከሰ በኋላ። ቀብዱም ያው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የተወ ሻጭ እጥፉን ይመልሳል፤ ይህ ግን ውሉ ራሱ ሕግ ፊት ሲቆም ነው። እኔ ይፍረስ ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ከዛሬ ጀምሮ የሚሠራው።

የአባይ ማዶዋ፦ «ከዛሬ ጀምሮ» ማለት ለእርስዎ ቀላል ነው። እኛ ከስምንት ዓመት በፊት ስንገባ መንገዱ የከብት መንገድ ነበር። ጉድጓድ አስቆፈርን፣ መብራት ከጎረቤት ቆጣሪ ሳብን፣ ዕድር አቋቋምን። አንድ ማለዳ በራችን ላይ በቀይ ቀለም የኤክስ ምልክት ተቀብቶ አገኘነው። ደጋግሜ ቀለም ባስቀባበትም ክረምት ሲመጣ ከሥር ይወጣል። ልጄ ቤታችንን ለጓደኞቿ ስትጠቁም «ኤክስ ያለበት» ነው የምትለው። በደመወዙ በሊዝ ጨረታ ተወዳድሮ ቦታ ያገኘ አስተማሪ ካለ እስኪ ያሳዩኝ። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 እኮ ያለ ፈቃድ የተያዘ ቦታ ከከተማው ፕላን ጋር ከተስማማ ወደ ሕጋዊነት የሚገባበትን በር ከፍቶ ነበር። ሕግ የሚጠቀሰው ለማፍረስ ብቻ ነው?

ማኅበርተኛው፦ እኅቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል፤ ግን እኔስ? በቤት ማኅበር ተደራጅቼ፣ ገንዘቤን በዝግ ሒሳብ አስቀምጬ ስጠብቅ ስንት ዓመቴ። በየስብሰባው ስሜ ሲጠራ «አለሁ» እላለሁ። አንቺ ካርታ ካገኘሽ የእኔ መጠበቅ የሞኝ ሥራ ሊሆን ነው። ነገ ማን ይቆጥባል? ሁሉም ወደ ገበሬ ማሳ ይሮጣል።

የገበሬ ልጅ፦ ስለ ማሳው ሁላችሁም ታወራላችሁ፤ ባለማሳውን የጠየቀ የለም። አባቴ የሸጠው ከተማው እየቀረበ ሲመጣ፣ ዛሬ ካልሸጠ ነገ በካሳ እንደሚነሣ ስላወቀ ነው። በአዋጅ 455/1997 ካሳው የአሥር ዓመት ገቢ ነበር፤ በ1161/2011 ወደ 15 ከፍ ብሏል። ከፍ ይበል። ያው መሬት ግን በኋላ በጨረታ በካሬ ይወጣል። የጎረቤታችንን የጫት ማሳ በሜትር ሲለኩት ባየሁ ዕለት አባቴ ሞኝ እንዳልነበረ ገባኝ።

የሕግ ሰው፦ ይህ ካሳውን ለማሻሻል ጥሩ ክርክር ነው፤ ሽያጩን ሕጋዊ አያደርገውም።

የገበሬ ልጅ፦ ካሳው ሲሻሻል እንጠራዎታለን።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡት። አባይ ማዶ ሌላ፣ የሐይቁ ዳር ሌላ። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ደንገል በሚበቅልበት ረግረግ ላይ አፈር ደፍቶ ቤት ለሠራ ሰው ካርታ ሊሰጠው አይገባም፤ የደፋው አፈር ክረምት ላይ ውኃውን ወደ ጎረቤቱ ነው የሚገፋው። ከፕላኑ ጋር የሚስማማው ግን የሊዝ ዋጋውን ከፍሎ ይግባ። በነፃ ካልሆነ ማኅበርተኛውም አይከፋውም። ለአንድ ቤተሰብ 500 ካሬ ተብሎ ትርፍ ቤት በ1967 ሲወረስ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ወረቀት በአንድ አዋጅ ሲሻር አይቻለሁና ካርታን እንደ ጽላት አላየውም። ቢሆንም አንተ ተከራዩ፣ ካርታ ያለው ቤት ስትገዛም በሻጩ እጅ ያለውን አይተህ አትመን። ማዘጋጃ ቤት ሄደህ ከፋይሉ ጋር አስተያየው፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጥ፣ ሚስቱም ትፈርም። 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥም አለ።

ማኅበርተኛው፦ ጋሼ፣ ይክፈሉ ካሉ እስማማለሁ። ግን የትኛውን ዋጋ? የሊዝ መነሻውን ወይስ ጨረታው የደረሰበትን?

የአባይ ማዶዋ፦ መነሻውን ነዋ! የጨረታውን መክፈል ብችል ኖሮ መቼ እዚህ እገባ ነበር።

ማኅበርተኛው፦ እንግዲያው አልተስማማንም።

ተከራዩ፦ ትናንት ተመልሼ ሄጄ ነበር። በጋሼ ምክር «ባለቤትዎም ይፈርሙ» አልኩ። ደላላው «ለጭቃ ቤት ይህን ያህል!» ብሎ ሳቀ። ሰውየው የመሬት ደብተሩን አወጡ፤ የእሳቸውና የባለቤታቸው ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። ሴትዮዋ ቡና እየቆሉ ነበር። ቦታውን ልገዛ እንደመጣሁ ስነግራቸው ምጣዱን አወረዱና «የቱን ጥግ?» አሉ። ሰውየው መልስ ሳይሰጡ ወደ ደጅ ወጡ። ቀብዱ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።