ለጋራ ሮቶው ፕሮፖዛል ሐሳብ ጨምሩበት

ፀሐፊ፦ ሰላም ጎረቤቶች። የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየምና ነባሩ ሰፈር ለጋራ የውሃ ሮቶና ለቡና ፕሮግራም አብረን ለወረዳ የምናስገባው ፕሮፖዛል ላይ አንድ ነገር ይቀየር እላለሁ። የአንድ ቀን የቡና ፕሮግራም ብቻውን አያቀራርበንም። የተማርኩት ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ስለሆነ አንድ ጥናት ላንሳ። ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን ለሁለት ከፍሎ ካምፕ አስገባቸው። ሲወዳደሩ ተጣሉ፣ ባንዲራ እስከ ማቃጠል ደረሱ። አብረው ይብሉ ተባለ፣ ምግብ ተወራወሩ! ረገብ ያሉት ውሃ ተቋርጦባቸው መስመሩን አብረው ሲፈትሹ፣ ቀጥሎም አልነሳ ያለ መኪና፣ ያውም በተፎካከሩበት የጉተታ ገመድ፣ ሁሉም ተጋግዘው ሲጎትቱ ነው። አንዴ ተባብረው ደግሞ ወደ ስድባቸው ተመልሰው ነበር፤ የለወጣቸው ሥራው መደጋገሙ ነው። ስለዚህ የቡናው ብር ለሮቶው ይዋል።

ብሎክ 9፦ ኧረ ቡናው አይቅር! ባለፈው ውሃ የጠፋ ጊዜ ልጅ አዝዬ ቦኖው ጋ ተሰልፌ፣ አንዲት የነባሩ ሰፈር ልጅ ነጠላዋን በጀሪካኑ እጀታ አሳልፋ፣ ግራና ቀኝ ይዘን አራተኛ ፎቅ አወጣነው። ስሟን የጠየቅኳት ቡና ሳፈላላት ነው። እስከዚያ ድረስ "እነዚያ" ነበር የምንባባለው።

የነባሩ ሰፈር እድር ዳኛ፦ ልጆቼ፣ ቡናውም ሮቶውም ደግ ነው። ግን ረቂቁን አነበብኩት። ሰብሳቢው ከእናንተ፣ ገንዘብ ያዡ ከእናንተ፣ ቁልፉም እናንተ ጋ። እኛ ቦይ ቆፋሪ ብቻ ነን? እንዲህ ከሆነ እድሩ አይፈርምም።

ፀሐፊ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን አልፖርትም በዚያው በ1954 ያለው ይህንኑ ነው፤ መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎች እኩል ሆነው፣ ለአንድ ግብ፣ ተጋግዘው ሲሠሩ፣ ከበላይ ያለውም አካል ሲደግፋቸው ነው። ብሎክ 9፣ ያንቺም ነገር አለበት። ተመራማሪዎቹ ፔቲግሪውና ትሮፕ በ2006 እ.ኤ.አ. የ515 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ሲመረምሩ ያገኙት ይህን ነው፤ ይህ ሁሉ ባይሟላም መገናኘቱ በአብዛኛው ይጠቅማል፤ ሲሟላ ግን ይበልጥ። እንግዲያው ቡናው ይቆይ፣ ግን በየወሩ፣ ሮቶው በሚታጠብበት ቀን። ኮሚቴው ሦስት ከዚህ፣ ሦስት ከዚያ። ቁልፉ ሁለት።

ብሎክ 9፦ የመጀመሪያው ቡና እኔ ጋ።

የነባሩ ሰፈር እድር ዳኛ፦ ይሁን። ሦስቱን ሰዎች ግን እድሩ ነው የሚመርጠው፣ እናንተ እንዳትመርጡልን። እሑድ ከስብሰባ በኋላ ስማቸውን አመጣለሁ።