የስድስት ቀን አራስ እኅቴ ታተኩሳለች፤ ቤተሰቡ «ምች ነው» ይላል

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን በጤና ጣቢያ ከተገላገለች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። የሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አምጣ ነው የወለደችው፤ ጥቂት ስለተቀደደችም ስፌት አላት። በማግሥቱ እናትም ልጅም ደህና ናቸው ተብሎ ወደ ቤት ተመለሰች። ከትናንት በስቲያ ማታ ጀምሮ ግን ብርድ ብርድ ይላትና ያንቀጠቅጣታል፣ ቀጥሎ ሰውነቷ ይግላል፣ ከዚያ ላብ ያጠምቃታል። ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት በተዋስነው ቴርሞሜትር ስንለካት 38.7 ሆነ። ከእምብርቷ በታች ሲነኳት ያማታል፤ የሚፈሳት ደምም መጥፎ ሽታ እንዳለው በስንት ልመና ነገረችኝ።

እናቴ «በር ላይ ቆማ ፀሐይ አግኝቷት ነው፤ ምች ነው» ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ አጠጥታታለች። የባሏ እናት ደግሞ አራስ አሥር ቀን ሳይሞላት ከደጅ አትወጣም ብለው ቆርጠዋል። አንዲት ጎረቤታችን ወተቷ ሲሞላ የሚመጣ ትኩሳት ነው ትላለች። እኔ ፋርማሲ ሄጄ አሞክሳሲሊን ገዝቻለሁ፤ ገና አልሰጠኋትም። ምች መሆኑና አለመሆኑ በምን ይለያል? መድኃኒቱን ብትጀምርና ሁለት ቀን ብናያትስ? ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት በመሆኑ ወባም ይሆን ብዬ ሠግቻለሁ። ሐኪም ቤት ብትተኛስ ልጇን ማጥባት ትችላለች?

አዋላጅ ነርስ፣ ከደሴ

ወንድሜ፣ የመልሴን ቀሪ ክፍል መንገድ ላይ ታነበዋለህ፤ አሁን እኅትህንና ሕፃኑን ይዘህ ሂድ። በአራስነት ጊዜ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ከእምብርት በታች ሕመምና የሚሸት ፈሳሽ አንድ ላይ ሲገኙ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የማኅፀን ኢንፌክሽን ነው ብለን ነው የምንነሣው። እዚያው ኮምቦልቻ ሆስፒታል አለላችሁ፤ ወደ ደሴ ሪፈር ቢባልም በሀረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምቡላንስ እንዲጠሩላችሁ የወለደችበትን ጤና ጣቢያ ወይም የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ፤ ከዘገየ ግን ባጃጅም ያደርሳል።

ስለ ምች ጠይቀሃል። እኔም ዳማ ከሴ ከጓሮ እየተቀነጠሰ በሚታሽበት ቤት ነው ያደግሁት፤ እናትህንም አልነቅፍም። ይሁን እንጂ ምች ድንገት ለሚመጣ ትኩሳትና ራስ ምታት ሁሉ የምንሰጠው ስም እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ ጉንፋኑም፣ ወባውም፣ የማኅፀን ኢንፌክሽኑም በዚሁ ስም ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ጉንፋን የያዘው ጎረምሳ በዚህ ስም ሦስት ቀን ቢተኛ ብዙም አይጎዳም፤ አራስ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እንግዴ ልጁ ተጣብቆበት የነበረው የማኅፀን ግድግዳ ከወሊድ በኋላ እንደ ሰፊ ቁስል ክፍት ሆኖ ይቆያል። የማኅፀኑ በርም ገና ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በዚያ በኩል የገባ ባክቴሪያ ከማኅፀን ወደ ሆድ ዕቃ፣ ከዚያም ወደ ደም ይሻገራል። የሽርት ውሃው ፈሶ ብዙ ሰዓት መቆየቱና ምጡ መርዘሙ ደግሞ መንገዱን የሚያሰፉ ነገሮች ናቸው፤ ሐኪሙ ሳይጠይቅህ ንገረው።

ወተት ሲሞላ የሚመጣው ሙቀት የተለየ ነው። በሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ሁለቱም ጡቶች ይወጠራሉ፣ ትኩሳቱ ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ሆድን አያሳምምም፣ ፈሳሽንም አያሸትትም። ስለ ወባ ያነሣኸው ትክክል ነው፤ የደም ምርመራ ይደረግላት። ነገር ግን ወባ ተገኘ ማለት ማኅፀኗ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው የያዟት እናት አይቻለሁ።

አሞክሳሲሊኑን ወደ ፋርማሲው ባትመልሰው እንኳ አትስጣት። በማኅፀን ኢንፌክሽን ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎች፣ አየር በሌለበት የሚኖሩትም ጭምር፣ በአንድነት ስለሚገኙ አንድ እንክብል ብቻውን አይበቃም። ትኩሳቱን ለአንድ ቀን አለዝቦ ሁላችሁንም ያዘናጋል፤ እኔ ከበሽታው እኩል የምፈራው ይህን መዘናጋት ነው። ሐኪም ቤት ስትደርሱ ትኩሳቷን፣ የልብ ምቷን፣ አተነፋፈሷንና የደም ግፊቷን ይለካሉ፣ ሆዷንና ስፌቷን ያያሉ፣ ደምና ሽንት ይመረምራሉ፤ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ቀርቶ እንደሆነ ለማወቅም በአልትራሳውንድ ያያሉ። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ ነው፦ በብዙ ቦታ አምፒሲሊን፣ ጄንታማይሲንና ሜትሮኒዳዞል አንድ ላይ፣ ወይም ክሊንዳማይሲን ከጄንታማይሲን ጋር ይሰጣል፤ ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቀጥላል። ማጥባት አያስከለክልም። ይልቁንም ሕፃኑን አብረህ የምትወስደው ለመጥባት ብቻ አይደለም፤ እናቱን የያዛት ኢንፌክሽን እሱንም ነክቶት ሊሆን ስለሚችል እንዲመረመር ነው። ጡት እምቢ ካለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ ወዲያው ተናገር።

መንገድ ላይ ትንፋሿ ከበዛ፣ የልብ ምቷ እጅግ ከፈጠነ፣ ከተደናገረች ወይም የምታወራው ካልተያያዘ፣ ሽንቷ ካነሰ፣ ወይም ሲግል የነበረው ሰውነቷ ድንገት ከቀዘቀዘ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በረድ ያለች ጊዜ «ተሻላት» ብሎ ከመንገድ የሚመለስ ቤተሰብ አለ፤ እናንተ እንዳትመለሱ። ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ ሽታ አለመኖሩን ማስተማመኛ አታድርጉት፤ በአንድ ቀን ውስጥ እናትን ሊጥል የሚችለው የስትሬፕቶኮከስ ኢንፌክሽን ያለ ምንም ሽታ ሊመጣ ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ

ጠያቂው መንገድ ላይ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የምጽፈው ትኩሳት ሳይኖርም አራስ ልትታመም እንደምትችል ከራሴ ስላየሁ ነው። ሁለተኛ ልጄን በወለድሁ በአምስተኛው ቀን ግንባሬን እንደ ወስፌ የሚወጋ ራስ ምታት ያዘኝ። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶበት ስለነበር ሁሉም በአንድ ድምፅ ቡና ስላልጠጣሽ ነው አሉኝ፤ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ስደርስ የበሩን መጋረጃ ሁለት አድርጌ ማየት ጀመርሁ፣ ከደረቴ በታች በቀኝ በኩልም ያዘኝ። ባለቤቴ ተሸክሞ ሲያደርሰኝ የደም ግፊቴ 170 በ110 ነበር። በእርግዝናዬ ሁሉ ግፊት የሚባል ነገር አልነበረብኝም፤ ከወለድሁበት ቦታ ስወጣ ግን ማንም አልለካኝም። የቦታውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እኔም ለኩኝ ብዬ አልጠየቅሁም። ሐኪሙ ከወሊድ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ግፊት ሊነሣ እንደሚችል፣ ወደ ማንዘፍዘፍና ራስን ወደ መሳት እንዳይደርስም ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌ እንደሚሰጥ አስረዳኝ። መርፌው ሲገባ እሳት እሳት ይላል እንጂ ዛሬ ይህን ለመጻፍ አብቅቶኛል።

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ (ከአራት ቀን በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የባሏ እናት በመጨረሻ የተስማሙት ልጅቱ ተከናንባ፣ እሳቸውም አብረው እንዲሄዱ በማለት ነበር፤ ከሁላችን ቀድመው ባጃጁ ውስጥ የተቀመጡትም እሳቸው ናቸው። በአልትራሳውንድ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማኅፀኗ ውስጥ መቅረቱ ታየ፤ መድኃኒት በደም ሥር ከተጀመረላት በኋላ ቁራጩ ወጣላት። ወባ የለባትም። ትኩሳቷ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት፣ ሕፃኑም ተመርምሮ ደህና ነው ተብሏል፤ እየጠባ ነው። አሁን በቤታችን የተነሣው ክርክር ሌላ ነው፦ አባቴ ያዋለደቻትን ባለሙያ እጇን ሳትታጠብ ነክታት ነው እያለ ሊከስስ ይነሣል። እንዲህ ያለ ነገር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይቻላል?

የጤና ሳይንስ መምህር፣ ከደሴ

የአባትህ ጥርጣሬ መነሻ የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት በአንደኛው ክፍል በ1846 ከ100 ወላዶች 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ አዋላጆች በሚያዋልዱበት በሁለተኛው ግን የሞቱት ከ3 በታች ነበሩ። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ምክንያቱን ያገኘው በ1847 አስከሬን ሲመረመር በቢላ የተወጋ የሥራ ባልደረባው እንደ አራሶቹ ባለ በሽታ ከሞተ በኋላ ነው፤ ሐኪሞቹ ከአስከሬን ክፍል ተነሥተው በቀጥታ ወደ ወላዶቹ ይገቡ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ካዘዘ በኋላ በ1848 በዚያ ክፍል የሞቱት ከ100 ከ2 በታች ሆኑ። ባክቴሪያ ምን እንደሆነ ገና በማይታወቅበት ዘመን በመሆኑ ብዙዎቹ ባልደረቦቹ አላመኑትም።

ከዚህ ተነሥቶ ግን ያችን ባለሙያ መክሰስ አይቻልም። ኢንፌክሽኑን ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ በእናቲቱ በራሷ ብልትና አንጀት በሰላም የሚኖሩ ናቸው፤ ውሃው ፈስሶ ሲቆይ፣ ምርመራው ሲደጋገም ወይም ቁራጭ ሲቀር ወደ ላይ ወጥተው ይራባሉ። በእኅትህ ላይ የታየው የቀረው ቁራጭ ነው። ሊጠየቅ የሚገባው እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሙሉ መሆኑ ታይቶ ነበር ወይ የሚለው ነው፤ ይህንንም አባትህ በክስ ሳይሆን ካርዷን ይዘው ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ቢነጋገሩበት ለሚቀጥለችው ወላድ ይጠቅማል።

አንባቢ፣ ከደሴ ሸዋ በር

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የእኔ ጉዳይ ከዚህ ይቀላል መሰለኝ። ከወለድሁ ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ቀኝ ጡቴ በአንድ በኩል ቀልቶ ደንድኗል፣ ያተኩሰኛልም። አክስቴ ያ ጡት ለልጁ መርዝ ነው፣ አታጥቢው ብላኛለች። ስፌቴ ስለሚያመኝም ወይባ ጢስ ልሙቅ አስቤያለሁ።

አዋላጅ ነርስ፣ ከደሴ

እኅቴ፣ ጡትሽ ቆስሏል እንጂ ወተትሽ አልተመረዘም። በታመመው ጡት ማጥባትሽን ቀጥዪ፤ ሕፃኑ በደንብ ካልጎረሰው ቀሪውን በእጅሽ አልቢው፤ ወተቱ ውስጥ ሲቋጥር ነው በሽታው የሚብሰው። ትኩሳት ስላለሽ ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ባክቴሪያ ገብቶበት ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ክሎክሳሲሊን ነው፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ስትጫኚው ውሃ እንደ ያዘ ፊኛ ለስለስ የሚል እብጠት ካለ መግል ቋጥሯል ማለት ነውና መውጣት አለበት፤ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም። ጢሱን ስፌትሽ እስኪድን ተዪው፤ ቁስል የሚፈልገው ንጹሕ ውሃና ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ሞዴስ ነው። ስፌቱ ካበጠ፣ ከተከፈተ ወይም መግል ካመጣ ግን ጡትሽን ስታሳዪ አብረሽ አሳይው፤ አታፍሪ። ቅቤም ሆነ ቅጠል ወደ ውስጥ አይገባም።

ለኮምቦልቻው ወንድሜ፦ ቤት ከገባች በኋላ ደሟ እንደገና ከበዛና አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካረጠበች፣ ወይም እንደ እንቁላል የተለቀ የረጋ ደም ከወጣት፣ ቁራጩ ሙሉ በሙሉ አልወጣ ይሆናልና ሳታድሩ ተመለሱ። መደበኛው ነገር ቀይ የነበረው ደም ከሦስት አራት ቀን በኋላ እየደበዘዘ፣ ከአሥር ቀን ወዲያ ወደ ነጭ እየተቀየረ መሄዱ ነው። ብዙ ስለ ተኛችም እግሮቿን እዩላት፤ የአንዱ ባት ብቻ ካበጠና ካመማት የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ባቷን በእጅ አትሹት፣ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ደግሞ ሰዓት የሚሰጥ አይደለም።

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

የተባለውን ሁሉ በወረቀት ገልብጬ ለባሏ ሰጥቻለሁ፤ አባቴም ካርዷን ይዞ ሰኞ ከኃላፊው ጋር ሊነጋገር ተስማምቷል። አንዲት የቀረች ጥያቄ አለችኝ፣ እሷም የእኔ ሳትሆን የእናቴ ናት፦ ገንፎ ይዛ ሆስፒታል ብትገባ ይጎዳታል ወይ ትላለች።

አዋላጅ ነርስ፣ ከደሴ

ትግባ። እጇን በሳሙና ታጥባ ታጉርሳት፤ ደም የፈሰሳት ሴት ስለሆነች የብረት እንክብሏንም አስታውሷት። ቅቤውን ግን ገንፎው ላይ ብቻ።